በጎረቤት ዳኞች ፊት፦ የአሜሪካ የዞኒንግ ይግባኝ ቦርዶች ምን ያህል ሠልጥነው ይፈርዳሉ?

ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ከካውንቲው የዞኒንግ ጽሕፈት ቤት የተላከ ሲሆን፣ በቤዝመንት የተከፈተው የሕፃናት መዋያ፣ በጓሮ የተሠራው ተጨማሪ ክፍል ወይም በምግብ ቤቱ ደጃፍ የተዘረጋው መቀመጫ ከአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ጋር የሚጋጭ መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ሰው ሳያነበው በሚያልፈው አንቀጽ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ሰፍሯል፦ 30 ቀን።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት ይህ ቁጥር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ደብዳቤው የደረሰው ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ካላቀረበ የባለሥልጣኑ ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል፤ ውሳኔው ትክክል ይሁንም ስሕተት ከዚያ ወዲያ ይግባኝ አይባልበትም። ለአንዳንድ ጊዜያዊ ጥሰቶች ቀነ ገደቡ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። የግዛቲቱ ሕግ ደብዳቤው ይህንኑ መብትና ገደብ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ይግባኙን የሚሰሙት ግን በሙያቸው ዳኛ የሆኑ ሰዎች አይደሉም። ጡረታ የወጣች መምህርት፣ የቤት ሽያጭ ደላላ፣ መሐንዲስ ወይም የሱቅ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ወይም በመጠነኛ አበል ያገለግላሉ። ውሳኔያቸው ግን የአንድን ቤተሰብ ዋና ሀብት፣ የአንድን ምግብ ቤት ሕልውና ወይም የአንድን የአምልኮ ስፍራ ዕጣ ሊወስን ይችላል።

የዞኒንግ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ለያዙት ሥልጣን ምን ያህል ይሠለጥናሉ? ሲፈርዱስ የትኛውን ሥነ ሥርዓት የመከተል ግዴታ አለባቸው? መልሱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የግዛቶቹን ሕጎች ጎን ለጎን ላነበበ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ባለጉዳዩን ይበልጥ የሚጠብቀው የአባላቱ ሥልጠና ሳይሆን ሥነ ሥርዓቱ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ የሚጠቅመው በጊዜው ለተጠቀመበት ሰው ነው።

ቦርዱ ከየት መጣ?

ዞኒንግ አንድ ከተማ ወይም ካውንቲ መሬቱን በቀጠና ከፍሎ በየቀጠናው ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚፈቀድ፣ ሕንፃ ምን ያህል ከፍታ ሊኖረው እንደሚችልና ከአጎራባች ድንበር ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚወስንበት ደንብ ነው። መላ ከተማን የሚሸፍን የመጀመሪያው የአሜሪካ የዞኒንግ ደንብ በ1916 በኒው ዮርክ ጸደቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደንቡ አርቃቂዎች ከመነሻው አንድ ችግር ታይቷቸው ነበር። ለሺዎች ይዞታዎች የወጣ አንድ ደንብ እያንዳንዱን ቦታ በእኩል ሊመጥን አይችልም። ተዳፋት ላይ ያለ፣ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን የሆነ ወይም ከመጠን በላይ ጠባብ የሆነ ቦታ ባለቤት ደንቡን እንዳለ ቢያከብር ምንም ሳይሠራበት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ባለቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ደንቡን በሙሉ እንዳያስሽር፣ ጉዳዩን በነጠላ አይቶ መፍትሔ የሚሰጥ አካል አስፈለገ። ይግባኝ ሰሚው ቦርድ የተፈጠረው ለዚህ መተንፈሻ እንዲሆን ነው።

በ1920ዎቹ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር፣ በኋላ ፕሬዝዳንት በሆኑት በኸርበርት ሁቨር መሪነት፣ ግዛቶች ሊገለብጡት የሚችሉት የሞዴል ሕግ አዘጋጀ። ሞዴሉ ቦርዱ ለሦስት ዓመት የሚሾሙ አምስት አባላት እንዲኖሩት፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝና የባለሥልጣንን ውሳኔ ለመሻር የአራት አባላት ድምፅ እንዲያስፈልግ ይደነግጋል። ተሻሽሎ በወጣበት በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦሃዮዋ የዩክሊድ መንደር ጉዳይ ዞኒንግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይቃረንም ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ቦርዶቹ በመላ አገሪቱ ተስፋፉ። ሆኖም ሞዴሉ ስለ አባላቱ ሙያም ሆነ ሥልጠና የጠየቀው ነገር አልነበረም።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚገዛው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። የጉዳዮቹ ዓይነት ግን የተለያየ ነው። የአሜሪካው ቦርድ በዋናነት የሚያየው ሰው በያዘው የግል ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚችል ነው።

የቦርዱ ሥራ በአብዛኛው ከሦስት አይዘልም። አንደኛ፣ የዞኒንግ ባለሥልጣኑ ደንቡን በተሳሳተ መንገድ ተርጉሟል የሚል ይግባኝ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ‘ቫሪያንስ’ የሚባለውን፣ ለአንድ ቦታ ብቻ ከደንቡ ፈቀቅ የሚያደርግ ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ሦስተኛ፣ በብዙ ቦታዎች እንደ ሕፃናት መዋያና የአምልኮ ስፍራ ላሉ አገልግሎቶች ቅድመ ሁኔታ ያለው ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። በሦስቱም ሥራዎች ቦርዱ ሕግ አያወጣም፤ የወጣውን ሕግ በቀረበለት ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ይፈጽማል። የሕግ ሰዎች ከፊል የዳኝነት ሥልጣን አለው የሚሉት ለዚህ ነው።

የሌክሲንግተን ትምህርት

ይህ ሥልጣን ያለ ዕውቀት ሲሠራበት ምን እንደሚመስል ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በ1962 የሕግ ምሁሩ ጄሲ ዱክሚኒየር ከክላይድ ስቴፕልተን ጋር በኬንታኪ ግዛት የሌክሲንግተን ከተማ ቦርድን ሥራ መርምረው ያገኙትን በኬንታኪ የሕግ መጽሔት ላይ አሳተሙ። ገና በርዕሱ የቦርዱን አሠራር የተዛባ አስተዳደር ምሳሌ ብለው ነበር የጠሩት። ቦርዱ ሕጉ ያስቀመጠውን መመዘኛ ሳይከተል ፈቃድ ይሰጥ እንደነበር አሳይተዋል።

ጥናቱ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ሌክሲንግተን ከሌሎች የከፋች ስለነበረች አይደለም። የገለጸው ችግር በማንኛውም ትንሽ ከተማ ሊደርስ የሚችል ስለሆነ ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች ጎረቤታቸው ፊታቸው ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። አዳራሹ በተቆጡ ተቃዋሚዎች ሲሞላም እሺ ማለት እንዲሁ ይከብዳቸዋል። በሁለቱም ጊዜ የሚጎዳው ሕጉ ነው። ፈቃዱ ለሚታወቅ ሰው ሲሰጥና ለአዲስ መጤ ሲከለከል ደግሞ ጉዳቱ የፍትሕ ጉዳት ይሆናል።

ስንት ሰዓት ይበቃል?

ዞኒንግ የግዛቶች ሥልጣን በመሆኑ ለመላ አገሪቱ የወጣ የሥልጠና ሕግ የለም። ካለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ግን በርከት ያሉ ግዛቶች ሥልጠናን አስገዳጅ አድርገዋል።

ከቀዳሚዎቹ አንዷ ራሷ ኬንታኪ ናት። በ2001 በወጣው ሕግ መሠረት አዲስ የቦርድ አባል ከመሾሙ በፊት ባለው አንድ ዓመት ወይም ከተሾመ በኋላ ባሉት 120 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት የመግቢያ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ 8 ሰዓት ይጠበቅበታል። ሳውዝ ካሮላይና 6 ሰዓት የመግቢያና በየዓመቱ 3 ሰዓት ተከታታይ ሥልጠና ትጠይቃለች፤ ያላሟላ ተሿሚ ሊታገድ ወይም ሊነሳ ይችላል።

በኒው ዮርክ ግዛት ከጥር 2007 ጀምሮ የቦርድ አባላት በየዓመቱ 4 ሰዓት እንዲሠለጥኑ ታዟል። በአንድ ዓመት ትርፍ ሰዓት የተማረ አባል ትርፉን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይችላል። ሥልጠናውን ያልጨረሰ አባል ዳግም ሊሾም አይገባውም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ በ2009 ባወጣችው ሕግ የይግባኝ ቦርድ አባል በተሾመ በስድስት ወራት ውስጥ ኮርስ እንዲያጠናቅቅ ታዛለች። ኮርሱ የማስተር ፕላንን ሚና፣ የልዩ ፈቃድና የቫሪያንስ መመዘኛዎችን ማካተት አለበት።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ሕጎች መካከል የኮነቲከት ይጠቀሳል። በ2021 የወጣው ሕግ የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድን ጨምሮ በመሬት አጠቃቀም ላይ የሚወስኑ አካላት አባላት 4 ሰዓት እንዲሠለጥኑና ይህንንም በየሁለት ዓመቱ እንዲደግሙ ያስገድዳል። ከእነዚህ ሰዓታት ቢያንስ አንዱ ለአቅም ተመጣጣኝ ቤቶችና በቤት አቅርቦት ረገድ አድልዎን ስለሚከለክሉ ፖሊሲዎች መዋል አለበት። የዞኒንግ ሥልጠና የስብሰባ አመራር ትምህርት ብቻ ሳይሆን፣ በሰፈሩ ማን መኖር ይችላል የሚለውን ጥያቄም የሚነካ መሆኑን ሕጉ በግልጽ ተቀብሏል ማለት ነው።

ባይሠለጥኑስ?

እስከዚህ ድረስ ያለው አዝማሚያ የሚያበረታታ ይመስላል። ሕጎቹን እስከ መጨረሻቸው ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

የኒው ዮርክ ሕግ የሥልጠና ግዴታውን ከደነገገ በኋላ፣ ይህን አለማክበር የቦርዱን ውሳኔ ዋጋ እንደማያሳጣ በግልጽ ይናገራል። የከተማው ምክር ቤትም ለከተማው ይበጃል ብሎ ካመነ ሥልጠናውን በውሳኔ ሊያስቀር ወይም ሊለውጥ ይችላል። በሜሪላንድም ኮርሱን አለማጠናቀቅ ውሳኔን አያፈርስም።

በሌላ አነጋገር፣ ፈቃድ የተከለከለ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ “ከፈረዱብኝ አምስት ሰዎች ሦስቱ የሕጉን ሥልጠና አልወሰዱም” ብሎ ቢያስረዳ፣ ነገሩ እውነት እንኳ ቢሆን በዚያ ብቻ ውሳኔውን አያስሽርም።

ሕግ አውጪዎች ይህን ያደረጉበት ምክንያት አለ። የአንድ አባል የሥልጠና ሰነድ በጎደለ ቁጥር ውሳኔ የሚፈርስ ከሆነ፣ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱን የሠራ ሰው ከዓመት በኋላ በማያውቀው ጉድለት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በጥቂት ሺህ ሕዝብ ትናንሽ ከተሞች ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል አምስት ሰው ማግኘት ራሱ ችግር ነው። ግዴታው በጠበቀ ቁጥር ወንበሩ ባዶ ይቀራል የሚለው ስጋት ከአየር የመጣ አይደለም።

ውጤቱ ግን ያው ነው። የሥልጠናው ግዴታ ጥርስ ያለው ለሿሚው አካል እንጂ ለባለጉዳዩ አይደለም። ሿሚው አባሉን ዳግም ላለመሾም ይችላል፤ ባለጉዳዩ ግን የሚይዘው መሣሪያ የለውም። እንግዲያውስ ባለጉዳዩ በምን ይጠበቃል?

የሥነ ሥርዓቱ ጋሻ

መልሱ ያለው ቦርዱ ሊዘለው በማይችለው ሥነ ሥርዓት ውስጥ ነው። ከሥልጠናው በተቃራኒ የሥነ ሥርዓት ጥሰት በፍርድ ቤት ውሳኔ ሊያስሽር ይችላል።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ቦርዱ ጉዳዩን የሚሰማበትን ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። በኒው ዮርክ ከችሎቱ ቢያንስ 5 ቀን ቀደም ብሎ በጋዜጣ ይወጣል። በቨርጂኒያ ቢያንስ 5 ቀን ሲቀረው ለአጎራባች ባለይዞታዎች በጽሑፍ ይላካል። ይህ መብት ለሁለቱም ወገን ነው፤ ፈቃድ ለጠየቀውም፣ ከጎኑ ሊሠራ የታሰበው ሕንፃ ለሚያሳስበውም።

ሁለተኛው ዕግድ ነው። በሞዴሉ ሕግም ሆነ በብዙ ግዛቶች ይግባኝ ሲቀርብ የባለሥልጣኑ እርምጃ ባለበት ይቆማል። ባለሥልጣኑ በሕይወት ወይም በንብረት ላይ ፈጣን አደጋ አለ ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠ በቀር፣ ቦርዱ እስኪወስን ድረስ አፍርስ ወይም ዝጋ የሚለው ትዕዛዝ አይፈጸምም። በጊዜ የቀረበ ይግባኝ የአንድን ንግድ የወራት ገቢ ሊያድን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው፤ ብዙ ባለጉዳዮች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ የሚመዝነው ልመናን አይደለም። በኒው ዮርክ ከድንበር ርቀት ወይም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ቫሪያንስ ሲጠየቅ አምስት ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ የሰፈሩ መልክ በማይፈለግ መንገድ ይለወጣል ወይ? የሚፈለገው ጥቅም በሌላ መንገድ ሊገኝ አይችልም ወይ? የተጠየቀው ልዩነት ምን ያህል ከፍተኛ ነው? በአካባቢው ተፈጥሮ ላይ ጉዳት አለው ወይ? ችግሩን የፈጠረው አመልካቹ ራሱ ነው ወይ?

የቦታውን አገልግሎት ለመለወጥ ሲሆን ፈተናው ይከብዳል። አመልካቹ በተፈቀዱት አገልግሎቶች ተመጣጣኝ ገቢ ማግኘት እንደማይችል በሒሳብ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ችግሩ የዚያ ቦታ ልዩ ችግር መሆኑን፣ የሰፈሩ መሠረታዊ መልክ እንደማይለወጥና ችግሩን ራሱ እንዳልፈጠረም ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቦርዱ መፍቀድ አይችልም።

“ቤተሰባችን በዛ”፣ “ብዙ ገንዘብ አውጥተናል” የሚሉት አቤቱታዎች እውነት ቢሆኑም ብቻቸውን እምብዛም የማይረዱት ስለዚህ ነው። ሕጉ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ችግር ሳይሆን ስለ ቦታው ችግር ነው። የይዞታ ልኬት ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ በሰፈሩ ተመሳሳይ ፈቃድ ያገኙ ቤቶች ዝርዝርና የሒሳብ መዝገብ ከረዥም ንግግር ይበልጣሉ።

ይኸው መመዘኛ ለተቃዋሚዎችም ይሠራል። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች በማስረጃ ያልተደገፈ አጠቃላይ የጎረቤት ተቃውሞ ፈቃድ ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደለም ሲሉ ደጋግመው ወስነዋል። አዳራሹን የሞላው ሰው ቁጥር ማስረጃ አይደለም። ትራፊክ ይጨምራል የሚል ሰው እንዴትና በምን ያህል እንደሚጨምር ማሳየት አለበት።

ድምፅና ዝምታ

አራተኛው የድምፅ አሰጣጥ ነው። ከ1920ዎቹ ሞዴል የወረሰው የአራት ድምፅ መመዘኛ በኮነቲከትና በማሳቹሴትስ አሁንም አለ። አምስት አባላት ባሉት ቦርድ ፊት የቀረበ ሰው ቫሪያንስ ለማግኘት አራት ድጋፍ ያስፈልገዋል። በዕለቱ የተገኙት አራት ብቻ ከሆኑ ደግሞ አንድ ተቃውሞ ብቻ ይጥለዋል፤ የቀረ አባል እንደ ተቃዋሚ ይቆጠራል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ጠበቆች ችሎቱ ሲከፈት አስቀድመው አባላቱን የሚቆጥሩት፣ ካልተሟሉም ቀጠሮ እንዲሰጣቸው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በኒው ዮርክ ግን ከጠቅላላው አባላት ቁጥር ግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ ይበቃል።

የዝምታ ትርጉምም እንዲሁ ይለያያል። በማሳቹሴትስ ቦርዱ የቫሪያንስ ማመልከቻ ከቀረበ በኋላ በ100 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ማመልከቻው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። በኒው ዮርክ ደግሞ ቦርዱ ድምፁ ተከፍሎ በተፈቀደለት ጊዜ ውስጥ አብላጫ ማግኘት ካልቻለ ይግባኙ እንደተከለከለ ይቆጠራል። ሁለቱ ግዛቶች ድንበርተኞች ናቸው፤ የቦርዱ አለመወሰን በአንዱ በር ይከፍታል፣ በሌላው ይዘጋል።

አምስተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ምክንያት መስጠት ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 የቶፓንጋ ነዋሪዎች ማኅበር በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ቦርድ ከማስረጃው ተነሥቶ ወደ ውሳኔው የደረሰበትን መንገድ በግልጽ ማሳየት አለበት ሲል ወስኗል። “ተፈቅዷል” ወይም “ተከልክሏል” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምክንያቱ ካልተጻፈ ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት የሚመረምረው ነገር የለውም።

ከቦርዱ በኋላ ያለው መንገድም አጭር ነው። በኒው ዮርክና በቨርጂኒያ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ 30 ቀን፣ በማሳቹሴትስ 20 ቀን ብቻ ይፈቀዳል። ፍርድ ቤቱም በአብዛኛው ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም፤ በቦርዱ መዝገብ ላይ ያለውን ያያል። በቦርዱ ፊት ያልተነገረና ያልቀረበ ነገር ኋላ ላይ የሚነሳበት ዕድል ጠባብ ነው።

በአንድ ከተማ ዙሪያ ሦስት ሥርዓት

ይህ ሁሉ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ነው። መኖሪያው ሜሪላንድ፣ ሥራው ዲሲ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ቨርጂኒያ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሥርዓቶችን ያቋርጣል።

በዲሲ የዞኒንግ ቦርዱ አምስት አባላት አሉት። ሦስቱ በከንቲባው ይሾማሉ፤ አንዱ ከከተማው የዞኒንግ ኮሚሽን፣ አንዱ ደግሞ ከፌዴራሉ የብሔራዊ መዲና ፕላን ኮሚሽን ይመጣል። የባለሥልጣንን ውሳኔ በመቃወም ይግባኝ ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ቦርዱ ሰፈሮቹ ለሚመርጧቸው አማካሪ ኮሚሽኖች አስተያየት ልዩ ክብደት የመስጠት ግዴታም አለበት። ስለዚህ በዲሲ ጉዳዩ ከቦርዱ በፊት በሰፈሩ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ ግማሽ መንገዱን ሊጨርስ ይችላል።

በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ካውንቲ ቦርዱ ሰባት አባላት ሲኖሩት የሚሾማቸው የሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ነው። በቦርዱ ፊት የባለሥልጣኑ ውሳኔ ትክክል እንደሆነ አስቀድሞ ይገመታል፤ ይህን ግምት በማስረጃ ማፍረስ ያለበት ይግባኝ ባዩ ነው። ግዛቲቱ በ2015 ባሻሻለችው ሕግ ደግሞ የቦርድ አባላት በችሎት ሊታይ ስላለ ጉዳይ ለብቻቸው በሚያደርጉት ንግግር ላይ ገደብ አብጅታለች። አንድን አባል በመንገድ አግኝቶ ጉዳይን ለማስረዳት መሞከር፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ ራስን ሊጎዳ ይችላል።

በሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የይግባኝ ቦርዱን አምስት አባላት የሚሾመው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ከመካከላቸው ከሦስት በላይ የአንድ ፓርቲ አባላት ሊሆኑ አይችሉም። የስድስት ወሩ የሥልጠና ግዴታም ይመለከታቸዋል።

ቋንቋም የሥነ ሥርዓቱ አካል ነው። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወይም በበቂ ለማይናገሩ ሰዎች የአስተርጓሚ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ከተማዋ ሰነዶች ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዚህ ዓይነት ችሎት እያንዳንዱ ቃል በመዝገብ ስለሚገባ፣ “የቤቱን ቅጥያ ለእናታችን ነው የሠራነው” የሚለው ንግግር በስሕተት ተተርጉሞ “ለኪራይ ነው” ተብሎ ቢመዘገብ መዘዙ እስከ ፍርድ ቤት ይከተላል። በእንግሊዝኛ የሚግባባ ሰው እንኳ በእንዲህ ያለ ቀን አስተርጓሚ ቢጠይቅ አይነቀፍም።

ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለየትኛው ዕውቀት ነው?

ሥነ ሥርዓቱ ጋሻ ነው ማለት ሥልጠናው አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንዳንድ ስሕተቶችን ሥነ ሥርዓት ብቻውን አይዝም። ማስታወቂያ በጊዜው የወጣበት፣ ቃለ ጉባኤ የተያዘበት፣ ድምፅ በአግባቡ የተሰጠበት ችሎት ከቦርዱ ደንብ በላይ ያለውን ሕግ በማያውቁ ሰዎች እጅ ሊሳሳት ይችላል።

ሁለት የፌዴራል ሕጎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በ2000 የወጣው የሃይማኖት ተቋማትን የመሬት አጠቃቀም የሚመለከት ሕግ መንግሥት በዞኒንግ ስም በአምልኮ ላይ ከባድ ጫና እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ የሃይማኖት ጉባኤዎችንም ከሌሎች ጉባኤዎች ባነሰ ሁኔታ እንዳያስተናግድ ያዛል። በ1988 የተሻሻለው የፍትሐዊ የቤት አቅርቦት ሕግ ደግሞ አካል ጉዳተኞች ቤታቸውን በእኩልነት መጠቀም እንዲችሉ ደንቦች ምክንያታዊ ማስተካከያ እንዲደረግባቸው ይጠይቃል። በዊልቸር ለምትንቀሳቀስ እናት በቤቱ ፊት መወጣጫ መሥራት ከድንበር ርቀት ደንብ ጋር ቢጋጭ፣ ቦርዱ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ከተራው የቫሪያንስ ጥያቄ የተለየ ነው። አባላቱ ይህን ካልተማሩ ጥያቄውን አያነሱትም፤ አመልካቹም ካላወቀ ጉዳዩ ሳይነሳ ይዘጋል።

ስለዚህ ክርክሩ በሰዓት ብዛት ላይ ብቻ መወሰኑ አሳሳች ነው። አራት ሰዓት በቪዲዮ ፊት መቀመጥ በራሱ ዳኛ አያደርግም። ጥያቄው በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ ምን ይነገራል የሚለው ነው። ምክንያት መጻፍ፣ የጥቅም ግጭት ሲኖር ከወንበር መነሣት፣ ማስረጃን ከጫጫታ መለየትና ከአካባቢው ደንብ በላይ ያለውን ሕግ ማወቅ ከተካተቱ አራት ሰዓት ብዙ ነው። ካልተካተቱ አርባም ትንሽ ነው።

ውሳኔን ሳያፈርሱ ግዴታውን ማጥበቅም ይቻላል። በኮነቲከት ሕግ አባላቱ ሥልጠናውን ስለማሟላታቸው በየዓመቱ ለከተማው ሕግ አውጪ አካል መግለጫ ይቀርባል። ይህ ፈቃድ ያገኘውን ሰው አይጎዳም፤ ያልሠለጠነውን ቦርድ ግን በአደባባይ እንዲጠየቅ ያደርገዋል። በሌሎች ግዛቶች ያሉ ነዋሪዎችም የቦርዳቸውን የሥልጠና ሁኔታ ከከተማው ጸሐፊ ከመጠየቅ የሚያግዳቸው የለም።

ሌላም መንገድ አለ፤ በወንበሩ ላይ መቀመጥ። የቦርድ አባላት ከነዋሪዎች መካከል የሚሾሙ ናቸው፤ ብዙ ከተሞችም ለክፍት ቦታዎች ማመልከቻ ይቀበላሉ። የሕግ ዲግሪ በአብዛኛው አይጠየቅም። ቤት ገዝቶ፣ ንግድ ከፍቶ፣ የአምልኮ ስፍራ አቋቁሞ በአካባቢው ሥር የሰደደ ማኅበረሰብ በባለጉዳይ ወንበር ብቻ ሳይሆን በወሳኙም ወንበር የመታየት አቅም አለው።

እስከዚያው ግን ደብዳቤው የደረሰው ሰው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው፦ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን ማንበብና ከዚያ ዕለት ጀምሮ መቁጠር።